ስለ ተሽከርካሪ ሕጎች መለወጥና ነጋዴው ሊጠነቀቅበት ስለሚገባው ነገር

ለነጋዴ ዕቃው በመጋዘን መከማቸቱ ብቻ ሀብት አይሆነውም፤ ሀብት የሚሆነው ከገዢው ደጅ ሲደርስ ነው። ከጂቡቲ ወደብ የሚነሣው አብዛኛው ጭነት ወደ መሐል አገር የሚገባው፥ ቡናውና ሰሊጡም ወደ ወደብ የሚወርደው በካሚዮን ጀርባ ነው። ስለዚህ ስለ ተሽከርካሪ የሚወጣው ሕግ ሾፌሩንና የትራፊክ ፖሊሱን ብቻ የሚመለከት መስሎ የታየን እንደ ሆነ ተሳስተናል። የሕጉ ዋጋ በመጨረሻ የሚታየው በነጋዴው መዝገብ ላይ ነው።

ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. በአገራችን ተሽከርካሪ ሁሉ የግራውን መንገድ ትቶ በቀኝ በኩል እንዲነዳ የተደረገበትን ቀን የሚያስታውሱ አባቶች ዛሬም አሉ። ያ ለውጥ በአንድ ቀን የተፈጸመና ከማንም ዓይን የማይሰወር ነበር። የቅርብ ዓመታት ለውጦች ግን አንዱ በግብር አዋጅ፥ አንዱ በደንብ፥ ሌላውም በመሥሪያ ቤት ውሳኔ እየሆነ ቀስ በቀስ ስለ መጡ፥ ብዙዎቻችን ሁሉንም ባንድነት አላስተዋልናቸውም። እኔ ራሴ በአንድ አስመጪና አከፋፋይ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ሃያ ዓመት ያህል ስሠራ፥ የመኪኖቹን ሊብሬ፥ ቦሎውን፥ የመድን ውሉንና የሾፌሮቹን መንጃ ፈቃድ በፋይል የማስቀምጥ እኔው ሆኜ ሳለሁ፥ የነገሩን ክብደት በሚገባ የተረዳሁት ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሁትም ሌላው ነጋዴ በእኛ ከደረሰው እንዲማር በማሰብ ነው።

መኪና ወደ አገር ስለ ማስገባት

በመጀመሪያ አስመጪዎችን የሚመለከተውን እናንሣ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአውቶሞቢሎች ላይ የነበረውን ሥርዓት ከመሠረቱ ለወጠው። አዋጁ ሲወጣ፥ የሞተራቸው ጉልበት እስከ 1300 ሲ.ሲ. በሆነ አዲስ አውቶሞቢሎች ላይ ቀድሞ 30 በመቶ የነበረው ታክስ ወደ 5 በመቶ ዝቅ አለ፤ ከዚያ በላይ እስከ 1800 ሲ.ሲ. ላሉት 60 በመቶ፥ ከ1800 ሲ.ሲ. ለሚበልጡት ደግሞ 100 በመቶ ተወሰነ። ያገለገሉ መኪኖች ግን ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን ታክሱ እንዲከብድባቸው ስለ ተደረገ፥ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉና ትልቅ ሞተር ባላቸው ላይ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። የአዋጁ አሳብ ግልጽ ነው፤ አሮጌ መኪና ከውጭ ገዝቶ ማምጣት እንዳያዋጣ ማድረግ ነው።

ቀጥሎም በ2014 ዓ.ም. ማለቂያ ገደማ የገንዘብ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፥ ከሱር ታክስና ከኤክሳይስ ታክስ ነፃ አደረጋቸው። በዚያው ውሳኔ ጉምሩክ ቀረጡ፥ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፥ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡት 5 በመቶ ሲሆን፥ ፈጽሞ ተፈታትተው ለሚመጡት ምንም እንዳይከፈል ሆነ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ለዚህ የተሰጠው ምክንያት ነዳጅ ለመግዛት የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ከአቅም በላይ መሆኑ ነው።

ይህ ነገር የሚመለከተው መኪና አስመጪውን ብቻ አይደለም። የመለዋወጫ ዕቃ የሚቸረችረው ባለሱቅ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ይመልከት። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላም የሞተር ዘይትም የዘይት ፊልትሮም አይፈልግም፤ ጎማ፥ የፍሬን ሸራና የመብራት አምፑል ግን ይፈልጋል። በመንገድ ላይ ያሉት የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች በአንድ ጀምበር የሚጠፉ ስላልሆኑ የቀድሞው ንግድ ይቋረጣል ማለት አይደለም። ቢሆንም አስተዋይ ባለሱቅ የሚቀጥለውን ትእዛዝ ከመጻፉ በፊት ማሰብ ይገባዋል።

ስለ መንገድ ሥርዓትና ስለ ጭነት

የመንገድ ሥርዓቱም እንዲሁ ተለውጧል። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 ሲወጣ፥ የሾፌሩ ጥፋት በነጥብ እየተመዘገበና እየተደራረበ ሲሄድ መንጃ ፈቃዱን እስከ ማሳገድ የሚያደርስ ሆነ። ይህ ደንብ በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 ተሻሻለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ደንብ ቁጥር 557 ወጣ። የመንጃ ፈቃድ ሕጉም በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1074 ታድሷል። ነጋዴው «ቅጣቱ የሾፌሩ ነው፥ እኔን ምን አገባኝ» ቢል ስሕተት ነው። መንጃ ፈቃዱ የታገደበት ሾፌር ጭነቱን መንገድ ላይ ትቶ ሲቀር፥ የሚበላሸው ቲማቲምና የሚያልፈው የርክክብ ቀን የነጋዴው ነው።

የከተማውንም ሥርዓት መዘንጋት አይገባም። በሰኔ ወር 2011 ዓ.ም. መጨረሻ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የሞተር ብስክሌቶችን እንቅስቃሴ ሲያግድ፥ ለጭነት መኪኖችም የቀን እንቅስቃሴ ገደብ አበጀላቸው። ከዚያ ወዲህ የብዙ ሱቆች ዕቃ የሚራገፈው በማታ ነው። የማታ ማራገፍ የራሱ ወጪ አለው፤ ጫኝና አውራጁ የማታ ዋጋ ይጠይቃል፥ ጥበቃው ይጨምራል፥ ዕቃ ቆጥሮ የሚረከበው ሠራተኛም ይደክማል። በድካም የተቆጠረ ዕቃ ደግሞ በማግሥቱ ጭቅጭቅ ያመጣል። የሰዓቱ ገደብ በየጊዜው የሚሻሻል ስለ ሆነ፥ ዕቃ ከመጫኑ በፊት የወቅቱን ሰዓት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባል።

በቤታችን የደረሰው ነገር

ከዚህ በላይ የተጻፈው ሁሉ በገንዘብ የሚለካ ነው። አሁን የምነግራችሁ ግን ከገንዘብ ያለፈ ነው።

አሮጌ መኪና ማስገባት ከከበደ ወዲህ፥ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተፈላጊነቱ ጨመረ። ከእጅ ወደ እጅም ይተላለፍ ጀመር። አሠሪዬም በ2013 ዓ.ም. አንድ ያገለገለ አይሱዙ የጭነት መኪና ለቆየ ደንበኛችን ሸጡ። ገዢው ዋጋውን ሙሉ በሙሉ ከፈለ። ስም ለማዛወር የሚጠየቀውን የቴምብር ቀረጥና ሌላውን ወጪ ግን ለጊዜው ለማስተላለፍ ፈልጎ፥ «ለጊዜው ውክልና ይስጡኝ፥ ስሙን በሁለትና በሦስት ወር አዛውረዋለሁ» አለ። አሠሪዬ በሰዎች የሚያምኑ ሰው ናቸውና ውክልናውን ሰጡት፤ ሊብሬውንና ቁልፉንም አስረከቡት። እኔም የመኪናውን ፋይል «የተሸጠ» ብዬ ጽፌበት ከታችኛው መሳቢያ አኖርሁት። በእኔ በኩል ስሕተቱ የተፈጸመው በዚያች ቀን ነው።

በ2016 ዓ.ም. ከአንድ የገጠር ከተማ የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ። አሠሪዬ መጥሪያውን ተቀብለው፥ «ልጄ፥ ይህ የሰሌዳ ቁጥር የእኛ ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከታችኛው መሳቢያ ፋይሉን አውጥቼ ባስተያየው ያው አይሱዙ ሆነ። መኪናው በገበያ ቀን ከመንገድ ወጥቶ በመንገድ ዳር ሽንኩርት ዘርግታ ትሸጥ የነበረችን የልጆች እናት እግሯን ሰብሯት ነበር። የሦስተኛ ወገን መድኑም ጊዜው ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል። ደንበኛችንን ብንፈልገው እሱም መኪናውን በውክልና ለሌላ ሰው አሳልፎ ሸጦ ቆይቷል፤ ስልኩም አይነሣም።

አሠሪዬ፥ «ሸጬዋለሁ ብለሽ መልስ ጻፊላቸው» አሉኝ። ጠበቃው ግን ነገሩን ሲያስረዳን ሁለታችንም ዝም አልን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081፥ ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ መኪናውን የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት አያድነውም። ነፃ የሚወጣው በዚያን ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበር ካስረዳ ነው። የእኛ መኪና አልተሰረቀም፤ በገዛ እጃችን ነው የሰጠነው። ጠበቃው ውክልናውን እያሳየ፥ «ይህ ወረቀት የእርስዎን መሸጥ አያስረዳም፤ እንዲያውም መኪናው የእርስዎ መሆኑን የሚመሰክር ነው። ወካይ የሌለው ወኪል የለምና» አለ። በመዝገቡም ያለው ስም የእርሳቸው ነበር።

አሠሪዬ ከጠበቃው ቢሮ ሲወጡ የተናገሩትን አልረሳውም። «ፍርድ ቤቱ ቢለቀኝም ባይለቀኝም፥ ያች ሴት የተመታችው በእኔ ስም በሚሄድ መኪና ነው» አሉ። ወደዚያች ከተማ ሄደው ሴትዮዋን ጠየቋት፤ በሽማግሌዎችም አማካይነት የሕክምናዋንና የጉዳት ካሣዋን ለመክፈል ተስማምተው ዕርቁ በፍርድ ቤት ተመዘገበ። የተከፈለው ገንዘብ መኪናው ከተሸጠበት ዋጋ ከግማሽ በላይ ሆነ። ለሴትዮዋ ግን ገንዘቡ እግሯን እንደ ቀድሞው አላደረገላትም፤ ዛሬም በምርኩዝ ወደ ገበያ ትሄዳለች።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በኋላ በመሥሪያ ቤታችን የሚከተለውን ሥርዓት አውጥተናል፤ ለሌሎችም ይጠቅም ይሆናል።

አንደኛ፥ መኪና ሲሸጥ ስም ሳይዛወር ቁልፍና ሊብሬ አይሰጥም። የሽያጭ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረማል፤ የማዛወሪያውን ወጪ ማን እንደሚከፍልም በውሉ ይጻፋል። ወጪው የከበደው ገዢ ቢኖር ከዋጋው ላይ መቀነስ ይሻላል።

ሁለተኛ፥ ከዚህ በፊት በውክልና የተላለፈ መኪና ያለው ነጋዴ ፋይሉን አውጥቶ ይመርምር። ገዢውን ጠርቶ ስሙን ያዛውር፤ ገዢው ያልተገኘ እንደ ሆነ ጠበቃ አማክሮ ለተሽከርካሪ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመልክት።

ሦስተኛ፥ የሦስተኛ ወገን መድን በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559፥ በኋላም በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ግዴታ የሆነው በመንገድ ላይ ለሚጎዳው ሰው ታስቦ ነው። የመድኑን ማለቂያ ቀን ከቦሎው ቀን ጋር በአንድ ሰሌዳ ጽፎ በግድግዳ ላይ መስቀል ዋጋው የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው። ይህ መድን የነጋዴውን የራሱን መኪናም ሆነ በላዩ የተጫነውን ዕቃ እንደማይሸፍን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለእነዚህ የተለየ ውል ይጠይቃል።

አራተኛ፥ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ከሚነዳው መኪና ዓይነት ጋር የሚስማማ መሆኑና ያልታገደ መሆኑ ሳይጣራ ጭነት አይሰጠው።

አምስተኛ፥ መኪና ወይም መለዋወጫ የሚያስመጣ ሰው በባንክ መተማመኛ ሰነድ ከመክፈቱ አስቀድሞ፥ ዕቃው መግባት የተፈቀደ መሆኑንና የዕለቱን የታክስ ልክ በጽሑፍ ይጠይቅ። ትናንት የነበረው ልክ ዛሬ ላይኖር እንደሚችል ከላይ ያየናቸው ለውጦች ያስረዳሉ።

ክቡራን ነጋዴዎች፥ ሕግ በተለወጠ ቁጥር ማማረር የተለመደ ነው፤ ከላይ የተጠቀሱትም ለውጦች ለሁሉ የተመቹ ናቸው አልልም። ነገር ግን በእኛ ላይ የደረሰው ጉዳት ከአዲስ ሕግ አልመጣም። ስድሳ ዓመት ያለፈውን ሕግ ባለማስተዋላችንና አንድ ፋይል ያለጊዜው ከመሳቢያ ስለ ገባ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ እያንዳንዱ ነጋዴ በዚህ ሳምንት የመኪኖቹን ፋይል አውጥቶ በሊብሬው ላይ ያለውን ስም እንዲመለከት፥ ጸሐፊዎችም «የተሸጠ» ብለን ከመጻፋችን በፊት ስሙ መዛወሩን እንድናረጋግጥ በአክብሮት አሳስባለሁ።