የሕፃናትን ደም ስር የምታሳርፍ ቧንቧ

ነርሷ የልጁን ክንድ በላስቲክ ጓንት ሸብ ታደርግና የእጁን ጀርባ ዳበስ ዳበስ አድርጋ መርፌውን ትሰዳለች። ደም ስሩ ይሸሻል። ወደ ሌላኛው እጅ ትዞራለች፤ እሱም እምቢ ሲል ወደ እግር። እናቱ ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች።

የደም ካንሰር (ሉኬሚያ) የያዘው ሕፃን ይህን አንድ ሰሞን ችሎት አይገላገለውም። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የሉኬሚያ ዓይነት ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ቪንክሪስቲን ደግሞ ከደም ስር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቆስላል። ደረት ላይ ገብታ ልብ አጠገብ ካለው ትልቅ ደም ስር የምትደርስ፣ ለወራት ለዓመታት የምትቆይ ለስላሳ ቧንቧ የተሠራችው ለዚህ ነው።

ሁለት ዓይነት ናት። አንደኛዋን የአሜሪካ ሐኪሞቹ ብሮቪያክ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ሂክማን በ1979 አስተዋወቋት፤ በስማቸውም ትጠራለች። ጫፏ ከደረት ውጭ ይንጠለጠላል። ቆዳ ሥር ባለው ክፍሏ ላይ ትንሽ የጨርቅ ቀለበት አለች፤ በሳምንታት ውስጥ ሥጋ በቀለበቷ ላይ ይበቅልና ቧንቧዋን ይይዛል፣ ጀርም እንዳይገባም ያግዳል። ሁለተኛዋ ፖርት ትባላለች። ሳንቲም የምታህል፣ ሙሉ በሙሉ ቆዳ ሥር የምትቀበር ናት፤ መድኃኒት ሲሰጥ ብቻ በልዩ መርፌ ትወጋለች።

ለጣና ሐይቅ ዳር ልጅ እኔ የምመርጠው ፖርትን ነው። ውጭ የተንጠለጠለችው ቧንቧ ውኃ እንዳይነካት በየቀኑ ጥንቃቄ ትሻለች። ፖርት ግን ቁስሉ ከዳነና መርፌው ከተነቀለ ገላ መታጠብን አትከለክልም። ልጃቸውን ጠበል ለማስጠመቅ ለሚሹ ወላጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሐኪሙን አስቀድመው ያማክሩ እንጂ። ፖርትም ብትሆን ሕክምና በሌለበት ጊዜ በወር አንዴ ያህል በፈሳሽ ካልታጠበች በረጋ ደም ልትደፈን ትችላለች።

በአገራችን ዛሬም አብዛኛው ሕፃን ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የሚወስደው በእጁ ደም ስር በተተከለ አጭር ቧንቧ (ካኑላ) ነው። በሉኬሚያ ባረፈ ሕፃን ስም በ1996 ዓ.ም የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለታማሚዎች ብዙ ደክሟል። የእነዚህ ቧንቧዎች አቅርቦትም ከመድኃኒቱ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

የቧንቧዋ ጠላት ጀርም ነው። ኬሞ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ምልክቱ ትኩሳት ነው፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ ልጅ ሲያተኩሰው መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው «ወባ ይሆናል» ነው። ጣና ላይ ካለው ደቅ ደሴት ጀልባ እስኪገኝ ስንት ሰዓት ያልፋል! የሚችሉ ወላጆች በሕክምናው ወራት ለሆስፒታል ቅርብ ቢሰነብቱ እመክራለሁ። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ካለፈ ሌሊትም ቢሆን ንጋትን አይጠብቁ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ይሁን ጥበበ ግዮን፣ በሩ ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያ ቃላችሁ ይህ ይሁን፦ «ልጄ ኬሞ ላይ ነው፤ ደረቱ ላይ ቧንቧ አለው።»