የአድዋ መንገድ በጅቡቲ ገበያ በኩል ያልፋል

በጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ ከሐሙዲ መስጊድ ሚናሬት ሥር ማንጎ፣ ፓፓያና ሎሚ የደረደሩ ሴቶች ደንበኛ ይጠራሉ። ከቀትር በኋላ ደግሞ ከኢትዮጵያ የመጣው ጫት ሲገባ ግርግሩ ሌላ ነው፤ ሶማልኛው፣ አፋርኛው፣ ዓረብኛውና አማርኛው ይደበላለቃል።

በውጭ አገር ያደጋችሁ ልጆቻችን አድዋን የምታውቁት ምናልባት ሳሎን ከተሰቀለው ሥዕል ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ ምኒልክና ጣይቱ በየፊናቸው። ሥዕሉ ጥይቱ በየት በኩል እንደመጣ አይነግራችሁም። ገበያው አጠገብ ያለው አደባባይ ግን ከዚያ ታሪክ ጋር ይገናኛል። ዛሬ የሚጠራው በነጻነት ታጋዩ በማህሙድ ሐርቢ ስም ሲሆን፣ በፈረንሳዮች ዘመን ራምቦ አደባባይ ይባል ነበር።

አርተር ራምቦ ገና በወጣትነቱ ግጥም መጻፍ ትቶ ነጋዴ የሆነ ፈረንሳዊ ነው። በ1886 (እ.ኤ.አ.) ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ካለችው ከታጁራ 2,000 ያህል ጠመንጃና 60,000 ጥይት በግመል ጭኖ ተነሳ። የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር ሲደርስ አራት ወር ገደማ አልፎ ነበር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግን እዚያ ስላልነበሩ እንጦጦ ድረስ ተከተላቸው። ንጉሡ ዋጋውን ቆረጡት፤ መንገድ ሳይጀመር የሞተው የንግድ ሸሪኩ ያለበትንም ዕዳ ቀነሱበት። ቀሪውን ሐረር ካሉት ከደጃዝማች መኮንን እንዲቀበል አዘዙለት።

ጠመንጃዎቹ ያኔም ያረጁ ነበሩ፤ አድዋን ያሸነፉት እነሱ ናቸው ማለት አይቻልም። ትልቁ ነገር መንገዱ ነው። ከጣሊያን ጋር የተፈረመው የውጫሌ ውል ከፈረሰ በኋላ የተሻለ መሣሪያ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል መግባቱን ቀጠለ። የሐረሩ መኮንን ደግሞ ራስ ተብሎ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ ከዘመቱት መሪዎች አንዱ ሆነ፤ የጣሊያኑ ሻለቃ ቶዜሊም እዚያው ወደቀ።

አድዋ ስትሄዱ አንድ ሜዳ አትጠብቁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ውጊያው የተደረገው በተበታተኑ ተራሮችና ሸለቆዎች ነው፤ ሰማያታ፣ ራዕዮ፣ ማርያም ሸዊቶ። ጣሊያኖች የያዙት ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ ያሳየው ያለ ቦታው ነበር። ጄኔራል አልቤርቶኔ በሌሊት ተጉዞ እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ሲደርስ ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ቀረ፤ ተማረከም። ዳቦርሚዳ ማርያም ሸዊቶ ላይ ተገደለ። አገሩን በሚያውቅ ሰው እየተመራችሁ ሸለቆዎቹን በእግር ብታዩ፣ እነዚያ ጦሮች ለምን መረዳዳት እንዳቃታቸው ዓይናችሁ ይፈርዳል።

መንገዱ ሐዘንም አይቷል። ጣሊያን ዳግም ወርሮ ማይጨው ላይ ካሸነፈ በኋላ የራስ መኮንን ልጅ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በባቡር ጅቡቲ ገብተው፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ስደት ወጡ። ወራሪው ከአዲስ አበባው ለገሃር ጣቢያ ፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ነቅሎ ሮም ወሰደው፤ ያቆመውም ዶጋሊ ላይ ለሞቱበት ወታደሮች ባሠራው ሐውልት ሥር ነበር። የራስ አሉላን ድል በእኛው አንበሳ ሊያካክስ መሞከሩ ነው። አንበሳው ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ቆሟል።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ የተከፈተውን የአድዋ ድል መታሰቢያ ማየታችሁ አይቀርም፤ እዩት። ጊዜ ካላችሁ ግን ጉዞውን ከጅቡቲ ጀምሩት። ገበያውን ዙሩ፤ ከዚያም ከነጋድ ጣቢያ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ውጡ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።