ስለ ከፍተኛ ሊግ፤ ወደ ላይ ስለሚወጡትና ወደ ታች ስለሚወርዱት ቡድኖች

ልጁ የእግር ኳስ ተጫዋች ለመሆን የቆረጠበት ወላጅ በየከተማው ብዙ ነው። ስለ ዋናው ሊግ የሚነገረውን ሁሉም ይሰማል፤ ከእርሱ በታች ስላለው ስለ ሁለተኛው እርከን ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው። ብዙ ወጣት ግን በኳስ ምክንያት የመጀመሪያ ደመወዙን የሚቀበለው በዚሁ በሁለተኛው እርከን ወይም ከዚያ በታች ስለ ሆነ፥ ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ያህል ዛሬ ስለ እርሱ ልንናገር ወደድን።

አስቀድሞ ስሙ ሰውን ያሳስታል። በአገራችን የሁሉ የበላይ የሆነው ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመው ፕሪሚየር ሊግ ነው። ሁለተኛው ከፍተኛ ሊግ ይባላል፤ ሦስተኛው ደግሞ አንደኛ ሊግ ይባላል። እንግዲህ «ልጄ አንደኛ ሊግ ገባ» ብላ ለጎረቤት የምታወራ እናት፥ ልጅዋ ያለው በሦስተኛው ደረጃ መሆኑን ባታውቅ አይፈረድባትም። ስሙን ያወጡት ሰዎች ጥቂት ቢያስቡበት ኖሮ መልካም ነበር።

ሊግን በእርከን መክፈል የተጀመረው በእንግሊዝ አገር ነው። በዚያ አገር በ1888 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር 12 ቡድኖች ሊግ አቆሙ፤ በ1892 ሁለተኛው እርከን ተጨመረ። መልካም የሠራ እንዲወጣ፥ ያልሠራም እንዲወርድ የሚያደርገው ሥርዓት ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ አገር ተዛመተ፤ ወደ እኛም ደረሰ።

ይህ ሥርዓት በእኛ ዘንድ ያደረገውን ለማየት የ2010 ዓ.ም. ውድድር ብቻ ይበቃል። በ1990 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን የመጀመሪያ ዋንጫ የወሰደው መብራት ኃይል፥ ኢትዮ ኤሌክትሪክ በተባለበት ዘመን፥ በዚያ ዓመት ወደ ከፍተኛ ሊግ ወረደ። በዚያው ዓመት ደግሞ ከከፍተኛ ሊግ ገና መውጣቱ የነበረው፥ በጅማው ንጉሥ ስም የሚጠራው ጅማ አባ ጅፋር፥ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረውን ቅዱስ ጊዮርጊስንና ሌሎቹን ሁሉ አልፎ ሻምፒዮን ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ዋንጫውን የወሰደው መቀሌ 70 እንደርታም ከጅማው ቡድን ጋር በአንድ ዓመት ከታች የወጣ ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2015 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፥ ሻሸመኔ ከተማና ሀምበሪቾ ዱራሜ በሦስት ምድብ አንደኛ ሆነው አብረው ወጡ። በሚከተለው ዓመት ንግድ ባንክ ሻምፒዮን ሲሆን፥ ሁለቱ ባልንጀሮቹ ግን ከሁሉ በታች ሆነው ወደ መጡበት ተመለሱ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የወጣው ኢትዮጵያ መድን ዋንጫውን አነሣ። የጅማውን፥ የመቀሌውንና የመድንን ቡድን ለዋንጫ ያበቁት አሠልጣኝ አንድ ሰው፥ አቶ ገብረ መድኅን ኃይሌ ናቸው። ስለዚህ በሁለተኛው እርከን የሚጫወተውን ልጅ «ወድቆ የቀረ» የሚሉ ሰዎች፥ ሻምፒዮኖቹ ከወዴት እንደ መጡ የተመለከቱ አይመስለንም።

ይሁን እንጂ መወጣጫው መውረጃም ነው። ጅማ አባ ጅፋር ዋንጫ ባነሣ በአራተኛው ዓመት፥ በ2014 ዓ.ም.፥ ተመልሶ ወረደ። ኢትዮ ኤሌክትሪክ በ2014 ወጣ፥ በ2015 ወረደ፥ በ2016 እንደ ገና ወጣ። የመቀሌው ቡድንማ ማንም ሳያሸንፈው ነው ከሊጉ የጠፋው፤ የ2012 ውድድር በኮሮና በሽታ ምክንያት ተሰረዘ፥ በ2013 በተነሣው ጦርነትም የትግራይ ቡድኖች ከሊጉ ተለይተው እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ሳይጫወቱ ቆዩ። ለአንድ ተጫዋች ይህን ያህል ዓመት ማለት ዕድሜው ሁሉ ማለት ነው።

ለቤተ ሰብ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ቡድኖቻችን የሚኖሩት ከተመልካች በሚገኝ ገንዘብ ሳይሆን፥ የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚመድበው በጀት ነው። ቡድኑ ሲወርድ በጀቱ ይቀንሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ቡድኑ ራሱ ይፈርሳል። ዛሬ ሻምፒዮን ሲባል የሰማነው ንግድ ባንክ እንኳ በ2009 ዓ.ም. በወረደ ጊዜ የወንዶች ቡድኑ ፈርሶ ነበር፤ ቆይቶ ነው እንደ ገና የተቋቋመው። በዚያን ጊዜ የነበሩት ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ሌላ ቡድን ፍለጋ ሄዱ። የፕሪሚየር ሊጉ ቡድኖች የአክሲዮን ማኅበር አቁመው ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የቴሌቪዥን ገንዘብ አግኝተዋል፤ ከፍተኛ ሊጉ ግን በፌዴሬሽኑ እጅ ስለ ቀረ ከዚያ ማኅበር ድርሻ የለውም።

ሌላም ችግር አለ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የአንድ ምድብ ቡድኖች በአንድ ከተማ ተሰብስበው የሚጋጠሙበት ልማድ መጥቷል። ወጪ ይቀንስ ይሆናል፤ ነገር ግን ልጁ በከተማው ሜዳ ሲጫወት ለማየት የሚመኝ አባት ውጤቱን በስልክ ብቻ ይሰማል። ልጁም በባዕድ ከተማ ለብዙ ሳምንት ከጓደኞቹ ጋር ባንድ ቤት ያድራል። ደመወዝ የዘገየ እንደ ሆነ፥ እንደሚሰማውም ብዙ ጊዜ ይዘገያል፥ የቤት ኪራዩንና የታናናሾቹን የትምህርት ቤት ወጪ የሚጠብቁት ወላጆች ከእርሱ ጋር ይቸገራሉ።

ስለዚህ ልጅ ለመፈረም በሄደ ጊዜ አባት ወይም እናት አብረው ቢሄዱ አሳፋሪ አይደለም። ውሉ ለስንት ዓመት ነው? ቡድኑ ቢወርድ ደመወዙ ይቀንሳልን? የተጎዳ እንደ ሆነ ማን ያሳክመዋል? ይህ ሁሉ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ አንድ ቅጂም በቤት ሣጥን ይቀመጥ። ደመወዙ ቀርቶበት አቤት የሚል ተጫዋች መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህንኑ ወረቀት ነውና።