የጅብ ትዕግሥት፣ የአይጥ ጥድፊያ

የዱር እንስሳ ያገኘውን ጉልበት ለዕድገት፣ ለመዋለድና ዕድሜን ለማቆየት ያከፋፍላል፤ ለአንዱ ሲጨምር ከሌላው ይቀንሳል። በሾላ ገበያ የእህል ጆንያ የሚቦረቡር አይጥ በድመት፣ በወጥመድና በመርዝ ስለሚያልቅ ዓመት የሚሞላው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ይጣደፋል፦ እንስቷ 3 ሳምንት ገደማ አርግዛ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ ጠጉር የሌላቸው ብዙ ልጆች ባንዴ ትወልዳለች።

ከእንጦጦ ጫካ በሌሊት ወርዳ ቆሻሻ የምትለቃቅመው ጅብ ግን ከሰው በቀር እምብዛም የሚደፍራት የለም። ወደ 110 ቀን ታረግዛለች፤ ዓይናቸው የተገለጠ፣ ጥርስ ያበቀሉ፣ ብዙውን ጊዜ 2 ግልገሎች ወልዳ ፕሮቲን የበዛበት ወተቷን ከዓመት በላይ ታጠባለች። ዋጋው ከባድ ነው፤ እናቲቱ በመኪና ከተገጨች የሚጠቡት ግልገሎቿም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታሉ። ለዚህ ሁሉ ጉልበት የሚሰጣት ምግብም ወቅት አለው፦ በትግራይ በተደረገ ጥናት፣ ሁዳዴ ገብቶ የሥጋ ትርፍራፊ ሲመናመን ጅቦች አህያ ወደ ማደን እንደሚያዘነብሉ ታይቷል።