እስስትን በንፋስ መውጫ ለማቆየት የሚያስፈልገው የሽቦ ቤት አሠራር

እስስት በአገራችን ሰው ዘንድ ይበልጡን የምትታወቀው በምሳሌነቷ ነው። አሳቡን በየጊዜው የሚለዋውጥ ሰው «እንደ እስስት» ይባላል፤ ከዚህም ሌላ መርዝ ያላት መስሏቸው የሚሸሿትና በድንጋይ የሚገድሏት ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ እስስት መርዝ የላትም፤ ዝንብና ፌንጣ እየለቀመች በቍጥቋጦ ላይ የምትኖር ዝግተኛ እንስሳ ናት። ስለዚህ የሥነ ሕይወት ተማሪ በቅርብ ሊመለከታት ቢመኝ የሚያስደንቅ አይሆንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እስስትን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማቆየት የሚያስብ ተማሪ፥ እንደ ንፋስ መውጫ ባለ ብርዳምና ነፋሻ አገር፥ ቤቷን እንዴት ማዘጋጀት እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

በኢትዮጵያ ደጋ ከሚገኙት የእስስት ዓይነቶች አንዷ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ የተባለችው ናት። ይህን ስም መሠረት በማድረግ በመጀመሪያ የገለጻት፥ እ.ኤ.አ. በ1832 እና በ1833 ጎንደር ተቀምጦ የነበረው የፍራንክፈርቱ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፐል ሲሆን፥ መግለጫውም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1845 ነው። ይህች የደጋ እስስት ከ60 ሴንቲሜትር ከሚያልፉት የማዳጋስካር እስስቶች ጋር ስትነጻጸር በጣም ትንሽ ናት። የሁለቱ ወገን አኗኗር ግን በዋናው ነገር አይለያይም፤ ጣቶቻቸው በሁለትና በሦስት ተከፍለው ቅርንጫፍ ለመጨበጥ፥ ጅራታቸው ለመጠምጠም፥ ምላሳቸውም ከሩቅ ተወርውሮ ነፍሳት ለመያዝ የተሠሩ ናቸው።

ተይዛ የምትመጣ እስስት ብዙ ጊዜ የምትሞተው በጭካኔ ሳይሆን ባለማወቅ ነው። በካርቶን ውስጥ ትደረጋለች፤ ውሃ በሳሕን ይቀርብላታል፤ ከጥቂት ቀን በኋላም የሞላው ሳሕን አጠገብ በጥም ትሞታለች። እንግዲህ ቤቷ እንዳታመልጥ ማገጃ ብቻ አይደለም። አጥሩ ላይ ሳለች ታገኘው የነበረውን ፀሐይ፥ ጠልና ነፋሻ አየር የሚተካ መሆን አለበት። ዝርዝሩ የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ስለ ቤቱ ቅርጽ። እስስት ወደ ላይ መውጣት ስለምትወድ ቤቱ ከጎኑ ይልቅ ቁመቱ ይበልጣል። ለትንሽ የደጋ እስስት ቁመቱ 90፥ ጎንና ጎኑ 45 ሴንቲሜትር ቢሆን ይበቃል። ማዕዘኖቹ ከቀጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ይሠሩና በአራቱም ወገን ለመስኮት በሚሆን ወንፊት ሽቦ ይሸፈናሉ። የመስተዋት ሣጥን አይመከርም፤ አየሩ ይታመቃል፥ የራሷንም መልክ አይታ ሌላ እስስት የመጣባት መስሏት ትጨነቃለች። በዚሁ ምክንያት በአንድ ቤት ሁለት ማኖር አይገባም። ውስጡ እርሳስ በሚያክሉ ጋድምና ዘንባላ የወይራ ወይም የክትክታ ቅርንጫፎች ይሞላል፤ መሸሸጊያ እንዲሆናትም ቅጠሉ በርከት ያለ ተክል በማሰሮ ይገባላታል። ቁልቋል ግን ወተቱ ስለሚጎዳ አይሆንም። ቤቱ ከሰው ዓይን ከፍ ብሎ ቢቀመጥ እንስሳዪቱ ትረጋጋለች።

2ኛ፤ ስለ ፀሐይና ሙቀት። እስስት የሰውነቷን ሙቀት የምታገኘው ከውጭ ነው። ከዚህም በላይ በፀሐይ ውስጥ ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳዋ ላይ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ ያደርጋል፤ ያለዚህ ቫይታሚን ከምግብ የሚገኘው ካልሲየም ወደ አጥንት ስለማይደርስ እግሮቿ ይጎብጣሉ። በዚህ ረገድ ንፋስ መውጫ የታደለች ናት፤ ከጉና ተራራ በስተምሥራቅ በ3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ይህ ጨረር ከመቶ 10 ያህል ስለሚጨምር፥ በከተማ የሚሸጥ ልዩ መብራት አያስፈልግም። ቤቱን ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ወደ ምሥራቅ በሚያይ ግድግዳ ሥር ማቆም ይበቃል። ግማሹ ጥላ ይሁን፤ እንስሳዪቱ ራሷ ትመርጣለች። በመስኮት መስተዋት በኩል የገባ ፀሐይ ግን ይህን ጨረር በአመዛኙ አያሳልፍም።

ችግሩ ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችበት ነፋስና ሌሊቱ ነው። ስለዚህ ነፋሱ የሚመጣበት ወገን በሳንቃ ወይም በጆንያ ይከለል። የደጋ እስስት የሌሊት ቅዝቃዜ የለመደች ብትሆንም ቅርንጫፍ ላይ ተጋልጣ መሸሻ በሌለው ሽቦ ውስጥ ውርጭ ሊያገኛት አይገባም፤ ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ወደ ቤት ትግባ። ከሰል የሚነድበት ወይም ጭስ የሚበዛበት ክፍል ግን አይሁን።

3ኛ፤ ስለ ውሃ። እስስት የቆመ ውሃ ብዙ ጊዜ አትለይም፤ የምትጠጣው በቅጠል ላይ የሚያብለጨልጨውን ጠብታ ነው። ጧትና ማታ ቅጠሉን በመርጫ ማርጠብ፥ ወይም የባዶ ሃይላንድ ቂጥ በመርፌ በስቶ ውሃ ሞልቶ ከጣራው ላይ ቀስ እያለ እንዲንጠባጠብ ማድረግ ይቻላል። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ከሰረጎዱ ተጠምታለች ማለት ነው።

4ኛ፤ ስለ ምግብ። ፌንጣ፥ ዝንብና የእሳት እራት ይበቃታል፤ የነፍሳቱ ትልቅነት ግን በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት አይበልጥ። የተፈጨ የእንቍላል ቅርፊት በነፍሳቱ ላይ መነስነስ ካልሲየም ይጨምራል። ፀረ ተባይ ከተረጨበት የድንችና የስንዴ ማሳ ነፍሳት መልቀም አደገኛ ነው።

ስለ ቀለሟም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማዳጋስካር እስስት እንዳሳዩት፥ በቆዳ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የጓኒን ክሪስታሎች ሲራራቁና ሲቀራረቡ የሚመልሱት ብርሃን ይለወጣል። ቀለሟን የምትለውጠው ለመሸሸግ ብቻ አይደለም፤ ብርድን፥ ቍጣንና ፍርሃትንም ትገልጽበታለች። በጧት ጠቍራ ፀሐይ ብትሞቅ ደኅና ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጠቍራ አፏን ከፍታ ብትነፋፋ ግን ቤቱ አልተስማማትም።

በመጨረሻ ስለ ሕግ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በአዋጅ ቍጥር 541/1999 የተከለከለ ነው፤ የእስስት ዓለም አቀፍ ንግድም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 በገባችበት ስምምነት ቍጥጥር ይደረግበታል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ በትምህርት ክፍል በኩል ፈቃድ መጠየቅ ይገባል፤ ጥናቱ ሲፈጸምም እንስሳዪቱ በተያዘችበት አጥር ላይ ትመለስ።

እኔ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው፤ ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አንድ ሳምንት ባዶውን ይቁም። ተማሪው ቴርሞሜትር አንጠልጥሎ የጧቱን፥ የቀትሩንና የሌሊቱን ሙቀት ይጻፍ፤ ጠብታው ቅጠሉ ላይ መድረሱን፥ ነፋሱም መከለሉን ይመልከት። በፀሐዩ ወገን ያለው ቅርንጫፍ 28 ዲግሪ ያህል ካልደረሰ ወይም የሌሊቱ መጠለያ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ቤቱ ይታረም። ማረም ካልተቻለ እስስቲቱ አጥሯ ላይ ትቆይ፤ ተማሪው ደብተሩን ይዞ ወደ አጥሩ ይሂድ። ዓይኖቿ ለየብቻ ሲዞሩ፥ ምላሷም ሲወረወር በዚያም ይታያል።