ሥራ ፈቶ የሚያድር ኮምፒውተርና የላስታ ዝናብ

የላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ዋጋ የሚቆረጠው በሰማይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በልጉ ሲቀር ገብስና ባቄላ ይወደዳል፤ ክረምቱ ከደገመው ደግሞ ገበሬው ከብቱን አውጥቶ ስለሚሸጥ የበግና የበሬ ዋጋ ይወድቃል። በ2007 ዓ.ም. ሁለቱም ዝናቦች ከዱ። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የዘነበው ከተለመደው ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. አስቸኳይ ዕርዳታ የሚሹ ወገኖች 10.2 ሚሊዮን መድረሳቸው ተገለጸ።

እንዲህ ያለ ድርቅ በስንት ዘመን አንዴ ይመጣል? እህል ለሚያከማችም ሆነ መድን ለሚሸጥ ጥያቄው የገንዘብ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ60 ዓመት በላይ፣ ምናልባትም በመቶዎች ዓመታት አንዴ የሚከሰት መሆኑንና ኤልኒኖም እንዳባባሰው አመልክቷል። ጥናቱ ከተጠቀመባቸው የአየር ንብረት ሞዴሎች አንዱ የሚሠራው በፈቃደኞች ተራ ኮምፒውተሮች ነው። ብርቅ የሆነን ድርቅ ለመመዘን አንዱን ክረምት በሺህ ዓይነት መንገድ አስልቶ ማየት ያስፈልጋልና፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሌቱን ቆራርሰው ለፈቃደኞች ያድላሉ። ሥራውን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ፕሮግራም ቦይንክ ይባላል።

ታዲያ ላሊበላ ውስጥ ያለ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት በዚህ ልሳተፍ ቢል ምን ይገጥመዋል? ኮምፒውተሩ ባለ 4 ጊጋባይት ሜሞሪና ባለ አራት ኮር ነው እንበል። ሀርድ ዲስክ ጎተራ ነው፤ ሜሞሪ ደግሞ አውድማ። አራቱ ኮሮች በሬዎች ናቸው። ቦይንክ አራቱንም ጠምዶ አራት ሥራ ሊጀምር ይችላል። አንዱ ሥራ 1.5 ጊጋባይት ቢፈልግ አራቱ 6 ጊጋባይት ይሆናሉ፤ አውድማው አይበቃም።

ፕሮግራሙ ለዚህ ገደብ አለው። ካልተነካ በቀር፣ ሰው በሚሠራበት ጊዜ ከሜሞሪው 50 በመቶ፣ ሰው በሌለበት ጊዜ 90 በመቶ ይፈቅዳል። ከገደቡ ያለፈው ሥራ ሜሞሪ እስኪለቀቅ ተሰልፎ ይጠብቃል። ችግሩ ግን 50 በመቶውም ለጽሕፈት ቤት ብዙ መሆኑ ነው። በቀሪው 2 ጊጋባይት ዊንዶውስ፣ ዎርድና ኢንተርኔት ሲጨናነቁ ማሽኑ ወደ ሀርድ ዲስክ መመላለስ ይጀምራል፤ ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣው ደንበኛም ጎረቤት ይሄዳል።

ከዚህ የባሰ ወጥመድ አለ። ቦይንክ ሰው የለም የሚለው ኪቦርዱና ማውሱ ለ3 ደቂቃ ካልተነኩ ነው። ጸሐፊዋ ፎቶ ኮፒ ልታነሳ ብድግ ብላ ትንሽ ከቆየች ፕሮግራሙ ሌሊት የሆነ መስሎት 90 በመቶውን ይይዛል። ስትመለስ ማሽኑ ለጥቂት ጊዜ ያቃስታል። ስለዚህ 3 ደቂቃውን ወደ 30 ማሳደግ፣ የቀኑን ድርሻ ወደ 25 በመቶ ማውረድና ከአራቱ ኮር አንዱን ብቻ መፍቀድ ይሻላል። በዚህ ስሌት የቀኑ ድርሻ 1 ጊጋባይት ስለሚሆን 1.5 የሚፈልገው ሥራ ቀን ቀን ቆሞ ሌሊት ብቻ ይሄዳል። ለንግድ ቤት ይህ ጉዳት የለውም።

የቆመ ሥራ በሜሞሪ ውስጥ ይቆይ ወይስ ይውጣ የሚል ምርጫም አለ። ባለ 16 ጊጋባይት የሆቴል ኮምፒውተር ከሆነ ይቆይ፤ በ4 ጊጋባይት ግን ቢወጣ ይመረጣል። የወጣው ሥራ መጨረሻ ላይ ከመዘገበበት ቦታ ይቀጥላል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ግን ይባክናል። መብራት ሲጠፋም እንደዚሁ ነው።

ወጪውን በተመለከተ፣ 100 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር ሌሊቱን 12 ሰዓት ቢሠራ 1.2፣ በ30 ቀን 36 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። የኢንተርኔቱ ሂሳብ ለብቻ ነው፤ የአየር ንብረት ስሌት ውጤቱን መልሶ ሲልክ ፋይሉ ቀላል አይደለም። ገቢው ነጥብ ብቻ ነው፤ ነጥቡም ብር አይመነዘርም።