የተሳለ ብረት ጉልበት ይቆጥባል፦ የእጅ መሣሪያና የመሳያ ድንጋይ አመራረጥና አጠቃቀም ለሰበካ ጉባኤያት

በዋግ ኽምራ ደጋማ አጥቢያዎች ከጥምቀት በዓል ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ የእርከንና የክትር ሥራ የሚሠራበት፣ የችግኝ ጉድጓድ የሚቆፈርበት፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር የሚታደስበት ወቅት ነው። ምእመናን ጎተራቸው እየሳሳ፣ አብዛኛውን ቀን በጾም አፍ ሆነው ይህን ሥራ ይሠራሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአካባቢው የሰውንም የቤተ ክርስቲያንንም ንብረት አጥፍቶ አልፏል። ቁስሉ ሳይሽር ዝቋላን፣ ሰሃላ ሰየምትንና አበርገሌን ድርቅ መታቸው። እንዲህ ባለ ዘመን ጉልበት ማለት እህል ማለት ነው። በዶለዶመ ዶማ ቀኑን ሙሉ የሚቆፍር ሰው ለቤቱ ያላተረፈውን እንጀራ በከንቱ ያፈሳል።

ቅዱሳት መጻሕፍት ይህን ጉዳይ አልዘነጉትም። መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 10 ቁጥር 10 ላይ ያልተሳለ ብረት ባለቤቱን ለበለጠ ድካም እንደሚዳርገው፣ ጥበብ ግን ሥራን እንደምታቃና ያስተምራል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 ደግሞ በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ ባለመኖሩ ሕዝቡ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ እንደነበር እናነባለን። መሣሪያውን ራሱ መሳል የማይችል ሕዝብ በሌላው እጅ እንደሚወድቅ ከዚህ ታሪክ እንረዳለን። በዚህ ጽሑፍ ሰበካ ጉባኤያት የእጅ መሣሪያ ሲገዙ ሊመለከቱት የሚገባውን፣ ስለ ሞረድና ስለ መሳያ ድንጋይ፣ እንዲሁም ስለ አጠባበቁ እናብራራለን።

ሲገዙ ምን ይመልከቱ?

በገበያ ላይ ያለ ዶማ ወይም መጥረቢያ በቀለሙ ማማር አይመዘንም፤ እንዲያውም ወፍራም ቀለም ስንጥቅንና መጥፎ ብየዳን ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሦስት ነገሮችን መፈተን ይገባል።

አንደኛው ድምፁ ነው። ብረቱን በገመድ አንጠልጥለው በትንሽ መዶሻ ቢመቱት ጤነኛው ጥርት ያለና የሚረዝም ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ሁለተኛው የስለቱ ጥንካሬ ነው። ሻጩን አስፈቅደው አዲስ ሞረድ በአፉ ላይ አንድ ጊዜ ይግፉ። ሞረዱ እንደ መስተዋት ከተንሸራተተ ብረቱ ከመጠን በላይ ደርቋልና በድንጋይ ላይ ይሸረፋል፤ እንደ እርሳስ ያለ ተቃውሞ ከተቦጨቀ ደግሞ ለስላሳ ነውና ስለት አይዝም። ሞረዱ እየተቃወመው ቀስ ብሎ የሚበላው ብረት ተስማሚ ነው። ሦስተኛው ዛቢያ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው በብረቱ መካከል ቀጥ ብሎ የተበሳ፣ ዙሪያውም ወፍራም ሊሆን ይገባል።

በአካባቢያችን ቀጥቃጭ የተሠራ መሣሪያ ከሚገዛው የሚያንስ አይደለም፤ ወሳኙ የተሠራበት ብረት ነው። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የተሠራ መጥረቢያ በእሳት ግሎ በውኃ ወይም በዘይት ሲነከር ስለት የሚይዝ ብረት ይሆናል። ከተራ የግንባታ ፌሮ የተሠራው ግን ቢነከርም እምብዛም ስለማይጠነክር ቶሎ ይዶለዱማል። ስለዚህ ለቀጥቃጩ ሥራ ሲሰጡ የብረቱን ዓይነት አስቀድሞ መነጋገር ወይም ባሌስትራውን ገዝቶ ማቅረብ ይመረጣል።

ክብደትም ይታሰብበት። ከባድ ዶማ ሁሉ ጥሩ ዶማ አይደለም። በእርከን ሥራ ላይ ሴቶችና ወጣቶች በብዛት ስለሚሰማሩ፣ ብረታቸው ወደ 1.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዶማዎችን ከከባዶቹ ጋር አደባልቆ መግዛት ብልህነት ነው። የተጋገረ ድንጋይ ለመፈንቀል ዲጂኖ እንጂ ዶማ አይታዘዝም፤ ዶማን እንደ ዲጂኖ መጠቀም ዛቢያ ይሰብራል።

ስለ ዛቢያ

ለዛቢያ ወይራን የሚያህል እንጨት ጥቂት ነው፤ ጠንካራና የማይሰነጠቅ ነውና። ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ያለ ወይራ ለዛቢያ ተብሎ አይቆረጥም። በወጀብ የወደቀ ወይም ለዛፉ ጤና ሲባል የተገረዘ ቅርንጫፍ ይበቃል። ክትክታም ቀጥ ብሎ ከተገኘ ለቀላል መሣሪያ ያገለግላል።

እንጨቱ እርጥብ ሳለ ከተገጠመ በኋላ ደርቆ ስለሚኮማተር ብረቱ ይላላል፤ በሥራ መካከልም ተወርውሮ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ልጡ ተልጦ ቢያንስ ለሁለትና ሦስት ወራት በጥላ ሥር ይድረቅ። የዶማ ዛቢያ ከላይ ገብቶ ወፍራሙ ጫፍ ቀዳዳውን እንዲይዝ ይደረጋል፤ በተሠራበት ቁጥር ይጠብቃል። የመጥረቢያ ዛቢያ ግን ከታች ስለሚገባ ከአናቱ ላይ በደረቅ እንጨት ሽብልቅ ይወጠራል። የላላን መሣሪያ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማሳበጥ የተለመደ ቢሆንም መፍትሔው የአንድ ቀን ብቻ ነው፤ እንጨቱ ሲደርቅ ከቀድሞው ይብስ ይላላል። ይልቁንም ሽብልቁን መለወጥ ያስፈልጋል። ዛቢያውን በዓመት አንድ ጊዜ በተልባ ዘይት ማሸት ከመሰንጠቅ ይጠብቀዋል።

ሞረድና የመሳያ ድንጋይ

ሁለቱ የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ሞረድ ብዙ ብረት የሚያነሣ ሲሆን ለዶማ፣ ለአካፋና የአፉ ቅርጽ ለተበላሸ መጥረቢያ ይውላል። የመሳያ ድንጋይ ደግሞ ጥቂት ብረት እያነሣ ስለቱን ያጠራል፤ ለመጥረቢያ ማጠናቀቂያ፣ ለእንጨት መሮ፣ ለቢላዋና ለማጭድ ይሆናል። አንድ አጥቢያ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ቢበቃው በቅድሚያ ሞረድ ይግዛ፤ የአጥቢያው ሥራ በአብዛኛው የአፈርና የድንጋይ ነውና።

ማንኛውም ድንጋይ ብረት አይስልም። የሚስለው ከብረቱ የሚጠነክር ጥቃቅን ቅንጣት ያለው ድንጋይ ነው። በደጋው የሚበዛው ጥቁር ባዛልት ጠንካራ ቢመስልም የሚቆርጥ የኳርትዝ ቅንጣት ስለሌለው ብረቱን ከመሳል ይልቅ ያለሰልሰዋል። የአሸዋ ድንጋይ ግን ቅንጣቱ ኳርትዝ በመሆኑ ይስላል። ከየትም ቢገኝ አፈታተኑ ቀላል ነው። ጠፍጣፋውን ፊት በውኃ አርሰው ቢላዋ ያሹበት። ጥቁር ግራጫ ጭቃ ከወጣ ድንጋዩ ብረት እየበላ ነው፤ ውኃው ጥርት ብሎ ከቆየ ወይም ድንጋዩ እያብለጨለጨ ከሄደ ለመሳል አይሆንም። በጣትዎ ሲፈገፍጉት የሚረግፈው ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

ከሱቅ የሚገዛው ሰው ሠራሽ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ካርቦራንደም የተባለው ነው። ይህን ቁስ አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቺሰን እ.ኤ.አ. በ1891 ያገኘው ሲሆን ከኳርትዝም እጅግ ይጠነክራል። ሁለት ፊት ያለውን፣ ማለትም አንዱ ወገን ሻካራ ሌላው ልሙጥ የሆነውን መግዛት ያዋጣል። በድንጋይ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ባነሰ መጠን ድንጋዩ ይሻክራል፤ ለአጥቢያ መሣሪያ በሻካራው ወገን ከ100 እስከ 150፣ በልሙጡ ከ240 እስከ 400 የሚል ይበቃል።

ድንጋዩን በውኃ ወይም በዘይት መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት ይገባል። ዘይት የጠጣ ድንጋይ ውኃ አይቀበልም፤ ቀዳዳዎቹም በቆሻሻ ይደፈናሉ። በእኛ አካባቢ አንድ ኩባያ ውኃ ለብዙ መሣሪያ ስለሚበቃ ውኃ ይመረጣል። መካከሉ እንደ ገበቴ የጎደጎደ ድንጋይ ቀጥ ያለ ስለት አያወጣም። ሲጎድጉድ በጠፍጣፋ ባልጩት ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ አሸዋና ውኃ አፍስሶ በማሸት ማስተካከል ይቻላል።

አሳሳሉ

መጀመሪያ የስለቱ ዘንግ፣ ማለትም የአፉ ስፋትና ቅጥነት ይወሰናል። ድንጋያማ አፈር የሚቆፍር ዶማ አፉ ወፍራም፣ እንጨት የሚቆርጥ መጥረቢያ ግን ቀጭን መሆን አለበት። መለኪያ ለማግኘት የወረቀት ማዕዘን ይውሰዱ። አንድ ጊዜ ሲታጠፍ 45 ዲግሪ፣ ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ 22.5 ዲግሪ ይሆናል። ለዶማና ለአካፋ የመጀመሪያው፣ ለመጥረቢያና ለእንጨት መሮ ከሁለተኛው በጥቂቱ የሚሰፋው ይስማማል። ዶማን እንደ ቢላዋ ማቅጠን ትጋት ይመስላል፤ በመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ግን ይሸረፋል።

መሣሪያው በጉልበት መካከል ሳይሆን በግንድ ወይም በጠረጴዛ ላይ በጥብቅ ይታሰር። ሞረድ የሚበላው ወደ ፊት ሲገፋ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲገፉ ይጫኑ፤ ሲመልሱ ግን ከብረቱ ላይ ያንሡት። እየጫኑ ወደ ኋላ መጎተት የሞረዱን ጥርስ ይገድላል። እጀታ የሌለው ሞረድ ጭራው መዳፍ ስለሚወጋ፣ ሌላ ባይገኝ እንኳ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይሰካበት።

ስለቱ መድረሱ የሚታወቀው በተቃራኒው ወገን እንደ ፀጉር የቀጠነ ሻካራ ጠርዝ በጣት ሲሰማ ነው። ጣት ግን በአፉ ርዝመት ሳይሆን ከጀርባው ወደ ውጭ ይሳብ። ይህ ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተሰማ በኋላ ሌላውን ወገን በመሳያ ድንጋይ በቀስታ በማሸት ይነሣል። ጥርስ ያለው ማጭድ ከልሙጡ ወገን ብቻ ይሳላል፤ ጥርሱ ያለበት ፊት ከተነካ ማጭዱ ጠፋ ማለት ነው።

በኤሌክትሪክ የሚዞር ድንጋይ ባለበት ሥፍራ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብረቱ ግሎ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ጥንካሬውን አጥቷል። በየጥቂት ሰኮንዱ ውኃ ውስጥ መንከር ይህን ይከላከላል። የድንጋይ መሮ አናትም ይታይ። በመዶሻ ምት ብዛት እንደ እንጉዳይ ሲያብጥ ከዳሩ የሚፈናጠር ብረት ዓይን ያጠፋል፤ ስለዚህ ያበጠው በሞረድ ተሞርዶ ይነሣ።

ባለ እጁን እናክብር

ከሰቆጣ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን የተሳለመ ሰው፣ አለት ተፈልፍሎ የጌታ ቤት ሲሆን የብረት ሠሪው ድርሻ ምን ያህል እንደነበረ ይረዳል። ሆኖም በብዙ የሀገራችን ክፍል ቀጥቃጩ በስድብ ስም ሲጠራና ከማኅበር ሲገለል ኖሯል። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ የእጅ ሙያተኛን በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር። ቤተ ክርስቲያናችንም ባስልኤልን እግዚአብሔር በጥበብ መንፈስ እንደሞላው ታስተምራለች። እንግዲህ ወናፍ የሚያናፋውን ወንድም ከሰንበቴውና ከማኅበሩ አርቀን፣ እርሱ በሳለው ዶማ የቤተ ክርስቲያንን መሠረት ብንቆፍር ምን ዓይነት በረከት እንጠብቃለን? አባቶች ካህናት ይህን በዐውደ ምሕረት እንዲያስተምሩ በትሕትና እናሳስባለን።

ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ?

፩. ከዘመቻው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ ይቈጠሩ፤ የሚሳለው፣ ዛቢያ የሚለወጥለትና ወደ ቀጥቃጭ የሚላከው ይለይ።

፪. እያንዳንዱ መሣሪያ ቁጥር ተመትቶበት በንብረት መዝገብ ይግባ፤ ወጪና ገቢው በፊርማ ይሁን።

፫. ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሁለት ወይም ሦስት ተመርጠው አሳሳል ይማሩ፤ በዘመቻው ቀን በሥራው ቦታ ሞረድ ይዘው ይቀመጡ። አንድ የሚስል ሰው የብዙዎችን ድካም ያቀልላል።

፬. የመሣሪያ መግዣ ሲበጀት የሞረድ፣ የመሳያ ድንጋይና የቀጥቃጭ ዋጋ አብሮ ይያዝ። ይህ ካልታሰበ የተገዛው ሁሉ በአንድ በጋ ይዶለዱማል።

፭. ሥራው ሲያበቃ ጭቃው ተራግፎ፣ ብረቱ ዘይት ተቀብቶ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ሥፍራ ይሰቀል። ሞረዶች እርስ በርስ እንዳይፋጩ ለየብቻ በጨርቅ ይጠቅለሉ።

ይህን ምክር የሚጠራጠር ኮሚቴ ቢኖር ራሱ ይፈትነው። ጉልበታቸው የሚመጣጠን ሁለት ሰዎችን በአንድ ዓይነት መሬት ላይ፣ አንዱን በተሳለ ሌላውን ባልተሳለ ዶማ አንድ ሰዓት ያስቆፍርና የጉድጓዶቹን ቍጥር ይመዝግብ። ከዚያም ዶማውን አለዋውጦ ይድገመው። ልዩነቱን በቃለ ጉባኤው አስፍሮ ለወረዳ ቤተ ክህነትና ለኮሚሽናችን ፕሮጀክት ባለሙያዎች ቢያደርስ፣ ለሚቀጥለው ዓመት የመሣሪያ ዕቅድ እንጠቀምበታለን።

የምእመናንን ጉልበት የሰጠን እግዚአብሔር በአግባቡ የምንጠቀምበትን ማስተዋል ያድለን። አሜን።